የአጣጥ በር ድንጋይ

ቅዳሜ ጠዋት አስናቀው ከክፍሉ ሲወጣ አክስቱ እቴቴ ግቢው መሀል ተንበርክከው የመኪናዋን ሆድ በስንዝር ሲለኩ አገኛቸው። ነጠላቸውን ወደ ኋላ አስረው፣ ግራ እጃቸውን እርጥቡ መሬት ላይ ተክለው፣ አንገታቸውን በኋላው ጎማ በኩል ወደ ውስጥ አስግገው ነበር። ቀኝ እጃቸው ከመሬት ተነስቶ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው አክስል መሀል ላይ ወዳለው ድቡልቡል ብረት ወጣ። አንድ ስንዝር ሆነ፤ በላዩ ሁለት ጣት ጨመሩ። ጣታቸውን እንዳጣበቁ ወደ ዓይናቸው አቀረቡና እንዳይረሱት የፈለጉ ይመስል አፍጥጠው አዩት።

«እቴቴ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዜር ይመስገን» አሉ፤ ለሱ ሳይሆን ለጎማው። ተነሱ፤ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፤ በሩ ጥግ ያስቀመጡትን ዘንቢል አንጠለጠሉ። ዘንቢሉ ከባድ እንደሆነ ከትከሻቸው መዝመም ያስታውቅ ነበር። ላግዝዎት ሊል አፉን ሲከፍት የቆርቆሮው በር ከኋላቸው ገጭ ብሎ ተዘጋ። አስናቀው እዚያው ቆሞ ቀረ። መኪናዋ እዚያ ግቢ ማደር ከጀመረች አንስቶ እቴቴ እጃቸውን ሲያሳርፉባት ያየው ገና ዛሬ ነው። ሌላ ጊዜ ለማለፍ እንኳ ዞር ብለው በአጥሩ በኩል ነው የሚሄዱት።

እቴቴ የእናቱ ታላቅ እህት ናቸው፤ ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። ከሳውዲ ሲመለስ ያረፈው እሳቸው ግቢ፣ መካነ ሰላም ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ከቤቱ ጎን በተቀጠለችው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ልጃቸው ስመኝ ከሄደች ወዲህ ግን ግቢው ውስጥ አንድ ሰውና አንድ ጥላ ብቻ የሚኖሩ ይመስላል፤ ጥላው የትኛው እንደሆነ አንዳንድ ቀን አስናቀው ራሱ ይጠፋዋል። ራቱ ተሸፍኖ በሩ ላይ ይጠብቀዋል። ልብሱን ታጥቦ ገመድ ላይ ያገኘዋል። ቃል ግን የለም። ስመኝንና ከወይራ አምባ የመጡትን ልጆች እስከ ወረኢሉ ያደረሳቸው በዚህችው መኪና አስናቀው ነበር። ከዚያ ደላላ ተረከባቸው ተባለ፤ ጅቡቲ ደረሱ ተባለ፤ ጀልባ ላይ ወጡ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ የተባለ ነገር የለም። እቴቴ ለቅሶ እንዳይቀመጡ ሞተች ያላቸው ሰው የለም፤ በር በሩን እንዳያዩ ደግሞ አለች የሚላቸው የለም። እንዲህ እያሉ ሁለተኛው መስከረም እያለቀ ነው።

መኪናዋ ነጭ ሆና የተገዛች፣ አሁን የመንገዱን ቀለም የያዘች ባለአንድ ጋቢና ፒካፕ ናት። ጂዳ ላይ የሰው ሹፌር ሆኖ የኖረበት ዓመታት ሁሉ ተጠራቅመው እሷን ሆነዋል። የሚገፋት የኋላው ጎማ ብቻ ነው፤ የፊቱ መሪ ተከትሎ ከመዞር በቀር ጉልበት የለውም። በሷ ከወይራ አምባ ሽንኩርት እየጫነ መካነ ሰላም ገበያ ያራግፋል፤ ሲመለስ ጨውና ዘይት፣ አንዳንዴም ቆርቆሮ ይወስዳል። ወይራ አምባ በገባ ቁጥር ጎረምሶቹ ከየቤታቸው የሚወጡት ሽንኩርት ለመጫን ብቻ አይደለም። ዙሪያዋን ይዞሯታል፤ መስታወቷን በክርናቸው ይወለውላሉ፤ በሯን ከፍተው ይዘጋሉ። አስናቀው ሄደ፤ አስናቀው መኪና ይዞ መጣ። ለነሱ ነገሩ በቃ ይኸው ነው።

ከክረምቱ ወዲህ ግን አጣጥ በር ላይ ያለው መንገድ አላሳልፍ አላት። አጣጥ በር ከከተማው ወጥቶ ወደ ዓባይ ቆላ መውረድ ሲጀመር መንገዱ በሁለት ገደል መሀል የሚሾልክባት ጠባብ ቦታ ናት። ዝናቡ ከላይ አንድ ትልቅ ቋጥኝ አውርዶ መሀል መንገድ ላይ ቀብሮታል። መጀመሪያ ቀን ሆዷን ሲፈትጋት አስናቀው ወርዶ ዙሪያውን ያሉትን ትናንሽ ድንጋዮች እያነሳ ወደ ገደሉ ወረወረ፤ ቀስ ብሎም አለፈ። በሳምንቱ ሲመለስ የወረወራቸው የሚመስሉ ድንጋዮች ቋጥኙ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። ጎርፍ ነው ብሎ እንደገና ጣላቸው። ቀጥሎ ሲመጣ ጎርፍ ከመጣ ሰንበትበት ብሎ ነበር፤ ድንጋዩ ግን ጨምሯል። ያን ቀን ሳይወርድ የኋላ ማርሽ አስገብቶ ተመለሰ። 

ስለ ድንጋዩ የተናገረው ለደላላው ለፈንታሁን ብቻ ነው። ፈንታሁን ወረኢሉ ተቀምጦ በስልክ የሚሠራ ሰው ነው፤ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ከወይራ አምባ ተነስተው ወደ ውጭ የሚሻገሩ ልጆች አሉት። «ይኼማ ቀላል ነው፣ አስኔ» ነበር ያለው። «ከፍ አስደርጋታ! ሁሉም እያስደረገ አይደል? ወጪውን ለኔ ተወው።»

ስለዚህ ያን ቅዳሜ አስናቀው ከግቢው እንደወጣ በቀጥታ የሄደው ወደ ሳዲቅ ጋራዥ ነው። ጋራዥ ይባል እንጂ ከመንገዱ ዳር በአሮጌ ቆርቆሮ የታጠረ ሜዳ ነው፤ መሬቱ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ማዕዘኑ ላይ የተፈታ ሞተር ላስቲክ ለብሶ ተቀምጧል። ሳዲቅ ካርቶን አንጥፎ የጭነት መኪና ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሳዲቅ።»

«ወአለይኩም ሰላም። አብሽር! ምን ሆነችብህ ደግሞ?»

ከፍ እንድትል እንደሚፈልግ ነገረው። ሳዲቅ ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዞራት፤ ከዚያ ካርቶኑን ጎትቶ ከሥሯ ገባ። መዶሻውን አንስቶ ባለስትራውን፣ ያንን ተደራርቦ ጭነቷን የሚሸከመውን ቅስት ብረት፣ አንድ በአንድ ቀስ እያለ መታው፤ እየመታ ጆሮውን አቀረበ። አንዱ ብረት ከሌሎቹ ተለይቶ የታፈነ ድምፅ ሰጠ። «ይቺ ደክማለች» አለ ከሥር። «አንድ ቀን ትሰበርብሃለች።» ሲወጣ ጠመኔ ይዞ የቆርቆሮው አጥር ላይ እየሳለ ያስረዳው ጀመር። ከኋላ በባለስትራውና በአክስሉ መሀል ብረት ቆርጠን እንከታለን፤ የሚያስሩት ቡሎኖች ረዘም ያሉ ይሆናሉ። አንድ ባለስትራ ደግሞ እንጨምራለን። ከፊት የሚሸከማትን ብረት አጥብቀን እናነሳዋለን። ንዝረቱን የሚውጠው አሞርዛተር ስለሚያጥር ከደሴ ሌላ ይምጣ፤ የፍሬኑ ዘይት የሚያልፍበትም ጎማ ይርዘም፤ አለበለዚያ ተወጥሮ ይበጠሳል። ባለስትራው እንኳ በአንድ ወር ውስጥ ዋጋው እጥፍ ሆኗል፤ ደግነቱ የሚከፍለው አንተ አይደለህም ልበል ወይስ አንተ ነህ? ሳዲቅ አራት ጣቱን አጣምሮ አሳየው።

«አራት ጣት። ከዚያ በላይ አልሄድም። ጭነት ይዘህ ቁልቁለት ላይ ስትጠመዘዝ በጎኗ ትተኛልሃለች። ደግሞ ከፍ አለች ማለት ጎበዘች ማለት አይደለም፤ የፊት ጎማዋ ያው እንደድሮው ነው፣ አይገፋልህም። ድንጋዩ ምን ያህል ነው?»

አስናቀው እጁን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ትንሽ ከፍ አደረገው። ከዚያ ደግሞ ከፍ አደረገው። «መጀመሪያ ይህን ያህል ነበር። ኋላ እዚህ ደረሰ። ባለፈው ደግሞ እዚህ።»

ሳዲቅ ሳቀ። «ድንጋይ እንደ ልጅ ያድጋል እንዴ ወላሂ?» አስናቀው አብሮት አለመሳቁን ሲያይ ሳቁን ዋጠ። ዞር ብሎ ከፍርስራሹ መሀል አንድ ክንድ ከስንዝር የሚሆን የፌሮ ብረት መዘዘና ከጠመኔው ጋር ሰጠው። «ሂድና ለክተህበት ና። ሳልለካ ብረት አልቆርጥም። ምን ልትጭንባት ነው ግን?»

«ሽንኩርት። ለሰኞ ጎህ ሲቀድ።»

«ሽንኩርት ጎህ ሲቀድ ብሎ ይቸኩላል?» አለ ሳዲቅ። መልስ ሳይጠብቅ ተመልሶ መኪናው ሥር ተኛ። ከቆርቆሮው ኋላ የሳዲቅ እናት ልብስ ሲያሰጡ ቆይተው ገመዱን እንደያዙ ቀጥ ብለው ወደ አስናቀው ይመለከቱ ነበር። እጅ ነሳቸው። አልመለሱለትም።

ከከተማው ሲወጣ ጉሙ ገና አልተነሳም። የመስከረም ማለቂያ ጉም ነው፤ ፀሐይ ከላዩ እንዳለች ብርሃኑ ይናገራል፤ ከመኪናዋ አፍንጫ ወዲያ ግን አይታይም። ቅዳሜ የመካነ ሰላም ገበያ ቀን ነው፤ ይህ መንገድ በዚህ ሰዓት በሴቶችና በአህዮች ይሞላል፤ ጡሩምባ እየነፋ በመሀላቸው ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ዛሬ ሰው የለም። አንድ ሰው አይደለም፣ አንድ አህያ አላጋጠመውም። መጀመሪያ ያረፈደ መሰለው፤ ሰዓቱን አየ፤ አላረፈደም። መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ቢያዳምጥ የገዛ ሞተሩን ብቻ ሰማ። አንድ ቦታ ላይ ጭቃው በትኩስ የእግር ዱካ ተረግጧል፤ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ግን ወደ ገበያው የሚመጣ ሳይሆን እንደሱ ወደ አጣጥ በር የሚሄድ ነው። የላስቲክ ጫማ፣ ትናንሽ፣ የሴት እግር። ዱካው ሳይቋረጥ ከፊት ከፊቱ እየመራው ሄደ።

በሩ አፍ ላይ ቆመና ሞተሩን አጠፋ። ጉሙ ከሁለቱ ገደሎች መሀል እንደ ውሃ ቀስ እያለ ይፈሳል። ፌሮውን ይዞ ወረደ። ቋጥኙ አሁን ቋጥኝ አይደለም፤ ክምር ነው። ብረቱን አጠገቡ አቁሞ ጣቱን ጫፉ ላይ አደረገ፤ ከጉልበቱ አልፏል። ጠመኔውን አውጥቶ ሊያሰምር ሲጎነብስ ድንጋዮቹን ከቅርብ አያቸው፤ እጁም አየር ላይ ቀረ። የዚያ ገደል ድንጋዮች አልነበሩም። ወንዝ ያለሰለሳቸው ጥቁሮች አሉ፤ የቆላ ነጫጭ አሉ፤ ከቤት ግድግዳ የወጣ፣ ጭቃ ከጭድ ጋር የተለጠፈበት አለ። አንዱ ሞላላ ነው፤ ከመዳፍ ብዛት አብረቅርቋል፤ እህል የሚፈጭበት የወፍጮ መጅ ነው። ሌሎቹ በአንድ ጎናቸው በጥላሸት የጠቆሩ ናቸው። ጉልቻዎች። ድስት የሚጣድባቸው፣ ሦስት ሆነው የሚቀመጡ፣ አንዱ ከተነሳ ምድጃ ምድጃ መሆኑ የሚቀርባቸው ጉልቻዎች። ከላይ ያለው ላይ ጥላሸቱ እርጥብ ነው፤ ዝናብ ሳይሆን የሰው እጅ ላብ ነክቶታል። ጫፉ ተሸርፏል። አስናቀው ያንን ሽራፊ አወቀው። በልጅነቱ ከእቴቴ ጓዳ በመጥረቢያ ጀርባ የሰበረው እሱ ነው፤ ተገርፎበታል።

ከበላዩ የሰው ሳል ተሰማ።

ቀና አለ። ነፋስ ጉሙን ትንሽ ገለጥ አደረገውና ከመንገዱ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ተደርድረው የተቀመጡትን አያቸው። ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ጎን ለጎን። ከመጣ ጀምሮ እዚያ ነበሩ። ሲወርድ፣ ሲለካ፣ ከራሱ ጋር ሲያጉተመትም ቃል ሳይተነፍሱ ሲያዩት ቆይተዋል። ፊታቸውን አንድ በአንድ ለየ። ልጃቸው ከስመኝ ጋር የሄደባቸው የሁዜይፋ እናት። ከወይራ አምባ ሽንኩርት የሚገዛት ሐረግ። የአለምነው እናት አስቻለች። ሌሎችም። በስተጫፍ፣ ባዶ ዘንቢላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እቴቴ።

«ለካኸው?» አሉት የሁዜይፋ እናት።

አስናቀው ክምሩን አየ፤ ተመልሶ እነሱን። «እናንተ ናችሁ?»

«ስንት ሆነ ነው የምልህ፣ ልጄ።»

ሳያስበው ፌሮውን አንስቶ ጣቱ ያለበትን አሳያቸው። የሁዜይፋ እናት አንገታቸውን ነቀነቁ። እቴቴ ወደማንም ሳይዞሩ ቀኝ እጃቸውን ከነጠላቸው አወጡ፤ ስንዝራቸውን ዘረጉ፤ ሁለት ጣት ጨመሩበት። የመኪናዋ ሆድ ከፍታ ነው። ሴቶቹ ሁሉ እጃቸውን አዩት።

«ሳዲቅ ደግሞ አራት ጣት ይጨምርላታል» አለች ሐረግ።

ይህ ቃል ከሳዲቅ አፍ የወጣው ገና አሁን፣ ጠዋት ነው። «ማን ነገራችሁ?» አለ አስናቀው፤ ድምፁ ከገደሉ ተመልሶ ሲመጣ የሌላ ሰው መሰለው።

«ሳዲቅ እናት የለውም?» አሉ የሁዜይፋ እናት። «እሷስ ስልክ የላትም?» ከዚያ ስለ ጨው እንደሚያወሩ ቀለል አድርገው ጨመሩበት። «አራት ጣት ከፍ ካደረግካት እኛም አራት ጣት ከፍ እናደርገዋለን።»

«እያነሳሁ ብጥለውስ?»

«ጣለዋ። ቤት ውስጥ ድንጋይ አይጠፋም።»

አልተቆጡትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። እኔ ባልወስዳቸው ሌላ ይወስዳቸዋል ሊል ፈለገ፤ አለውም። ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ማንም ሳያነሳው መሬት ላይ ቀረ። እቴቴ ጫማውን ይመለከቱ ነበር።

በዚህ መሀል ስልኩ ጮኸ። የስልኩ ማዳመጫ ከተበላሸ ቆይቷል፤ የሚሰማው በድምፅ ማጉያው ብቻ ነው፤ ሳያስብ ከፈተው። የፈንታሁን ድምፅ በሁለቱ ገደሎች መሀል ደምቆ ተሰማ። «አስኔ! ሰኞ ቀርቷል። ዛሬ ገበያ አይደል፣ እናቶቹ ከቤት ወጥተዋል፤ ልጆቹን አስነስቻቸዋለሁ፤ በእግራቸው በሩ ድረስ ይመጣሉ። አንተ ከወዲህ ቆመህ ተቀበላቸው። ማለፍም አያስፈልግህ። ይሰማል? ሄሎ?»

አስናቀው ስልኩን ዘጋ። ማንም አልተነቃነቀም። የአንዷ እጅ ብቻ፣ የሐረግ፣ ጉልበቷ ላይ ያለውን ነጠላ ጨምድዶ ያዘ። ጥቂት ቆይቶ ከክምሩ ወዲያ፣ ከቆላው በኩል፣ ጠጠር ሲንሸራተት ተሰማ። ከዚያ ትንፋሽ። ከዚያ አለምነው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ፤ ከኋላው ሌሎቹ፤ ሁሉም ትናንሽ የጀርባ ቦርሳ ይዘዋል። ወደ ክምሩ ሲደርሱ ቀና ብለው ወደ ተዳፋቱ አላዩም፤ ዓይናቸው መኪናዋ ላይ ነበር። አለምነው ዘሎ ክምሩ ላይ ወጣ። የሐረግ ልጅ ሀይማኖት ተከተለችው፤ የትምህርት ቤት ሹራቧን ለብሳለች፤ እግሯ ቦታ ሲያጣ ጥቁሩን ጉልቻ ረገጠችና ተደላደለች። ቀና ስትል ከእናቷ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

ሀይማኖት የሆነ ድምፅ አወጣች፤ ቃል አልነበረም። አለምነው ዞር አለ፤ እናቱን አየ። «እማዬ፣ ገበያ አልሄድሽም?» አላት፤ ሞኝ ጥያቄ መሆኑን ሲጠይቅ ራሱ አውቆታል። ልጁ ጥቂት ቆመ፤ ጥርሱን ነከሰ፤ ከዚያ ለሌሎቹ «ውጡ» ብሎ የመጀመሪያው ሆኖ የመኪናዋ ጭነት ቦታ ላይ ተሰቀለ። ሌሎቹም አንገታቸውን ደፍተው ተከተሉት። አስናቀው አንድ በአንድ ሲወጡ የኋላው ባለስትራ እየተዘረጋ ሲሄድ ያያል። ስንት ሰው እንደጫነች ለማወቅ መቁጠር አያስፈልገውም፤ ወገቧን አይቶ ያውቃል። ሂዱ ሊላቸው፣ ውረዱ ሊላቸው ይችል ነበር። ፌሮውን ይዞ ቆመ እንጂ አፉን አልከፈተም።

የሁዜይፋ እናት ከተዳፋቱ ወረዱ። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ በአንድ እጃቸው ሣር እየያዙ ነው የወረዱት። ወደ መኪናዋ ኋላ ሄዱና እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ያዘኝ» አሉት አለምነውን። አለምነው ደነገጠ። ግን አሮጊት እጃቸውን ዘርግተውለት አልይዝም የሚል ልጅ እዚያ አገር አላደገም፤ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጎተተና አወጣቸው። ቦርሳው ላይ አመቻችተው ተቀመጡ። ቀጥላ ሐረግ መጣች። ሀይማኖት እያለቀሰች እጇን ሰጠቻት። ከዚያ ሌሎቹ፤ ተራ በተራ፤ ያለ ግፊያ፤ እያንዳንዷን የወጣት እጅ እየተቀበላት። የሚሰማው የላስቲክ ጫማ ብረት ላይ ሲፋተግ፣ ከሥር ደግሞ ባለስትራው ሲያቃስት ብቻ ነው። እቴቴ መጨረሻ ቀሩ። ወደ ኋላ አልሄዱም። የጋቢናውን በር ከፈቱ፤ ከሹፌሩ ጎን ገብተው ተቀመጡ፤ ዘንቢላቸውን እግራቸው መሀል አደረጉ፤ ወደ ፊት ተመለከቱ።

አስናቀው መሪው ጋ ገባ። ሌላ የሚያደርገው ነገር ስላልታየው ቁልፉን አዞረ። እዚያ መዞር አይቻልም፤ የኋላ ማርሽ አስገባ። ፍሪሲዮኑን ሲለቅ መኪናዋ ትንሽ ተንቀሳቀሰች፤ ሰውነቷ ወርዶ ጎማው ላይ ተኝቶ ኖሮ ጎማው ጮኸ፤ የላስቲክ ጭስ ሸተተ። ጋዝ ጨመረ። ከሥራቸው፣ ከመቀመጫው ሥር በሚመስል ቅርበት፣ ብረት ጧ ብሎ ተሰበረ። መኪናዋ በእቴቴ በኩል ዘመም አለች። ከኋላ አንድም ሰው አልጮኸም።

«አጥፋው» አሉ እቴቴ።

አጠፋው።

ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ ተቀመጡ። ጉሙ ሳስቶ፣ የወዲያ ማዶው ገደል ታየ፤ ፀሐይ ጋቢናው ውስጥ ገባች፤ ዝንብ መጣች። ስልኩ ደጋግሞ ጮኸ፤ አስናቀው አላነሳውም፤ በመጨረሻ ዝም አለ። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሲያይ እናትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ሁሉም ወደተለያየ አቅጣጫ ሲመለከቱ አየ። ለመቀመጥ ቦታ ያጡት እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆመዋል። ማንም ማንንም አይለምንም። ኋላ ላይ ሀይማኖት «እማ፣ እግሬ ደነዘዘ» አለች። ሐረግ ጎንበስ ብላ የልጅቷን እግር ከቦርሳዎቹ መሀል አውጥታ በሁለት መዳፏ ታሸው ጀመር። ቆይታም «ወርደሽ አፍታቺው» አለቻት። ሀይማኖት ወረደች፤ እናቷም ወረደች። ልጅቷ መንገዱ ላይ ወዲያ ወዲህ አነከሰች። ከዚያ ሁለቱም አንድ ነገር የተነጋገሩ ሳይመስሉ ክምሩን ተሻግረው ቁልቁል ወደ ወይራ አምባ ሄዱ።

ሌሎቹም እንዲሁ በየተራ ወረዱ፤ አንዱ ከእናቱ ጋር፣ አንዱ ከጎረቤቱ ጋር። ሁሉም ግን አልተመለሱም። አለምነውና አንድ ጓደኛው ቦርሳቸውን አንስተው ወደ ከተማው በእግራቸው አቀኑ። አስቻለች ትንሽ ርቀት ሰጥታ ከኋላቸው ተነሳች። አልጠራችውም፤ አልሮጠችም፤ ዝም ብላ ተከተለች። እሱ ሲፈጥን ፈጠነች፤ ዞር ብሎ ሲቆም ቆመች። ከጥቂት ቀን በኋላ እንደተሰማው መካነ ሰላምንም አልፋ እንዲሁ በእግሯ እስከ ወረኢሉ ተከትላዋለች፤ ከዚያ ብቻዋን ተመለሰች። ፈንታሁንም ለቀጣዮቹ ልጆች ሌላ መኪና አላጣም። ሳዲቅ ግን ሰኞ ዕለት የተሰበረውን ባለስትራ ብቻ ቀየረ። አስናቀው ስለ ከፍታው ሳያነሳ፣ ሳዲቅም ሳይጠይቀው፣ መኪናዋ በነበረችበት ቁመት ወጣች።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት ግን ከአጣጥ በር የተመለሰው እቴቴን ይዞ ነው። የሁዜይፋ እናት መኪናው ያዞረኛል ብለው ተዳፋቱን በአቋራጭ ወጡ። አስናቀው በኋላ ማርሽ እስከ ሰፊው ቦታ ወጣ፤ አዞረ፤ የተሰበረው በኩል እንዳይፈትግ ቀስ እያለ፣ ሰው በእግሩ ከሚሄደው ባልበለጠ ፍጥነት ነዳ። ዘንበል ስላለች እቴቴ ወደ በሩ ተንሸራትተው አንድ እጃቸው መያዣው ላይ ነበር። የተቀመጡበት ቦታ ስመኝ በሄደችበት ጎህ የተቀመጠችበት ነው። ይህን እሱም ያውቃል፤ እሳቸውም ያወቁ መሰለው። ወደ ከተማው ሲቃረቡ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ማጋጠም ጀመሩ፤ ባዶ ማዳበሪያ ትከሻቸው ላይ ያደረጉ፣ ያልተሸጠ ዶሮ በእግሩ ያንጠለጠሉ። ሰላምታ ሲሰጧቸው እቴቴ በመስታወቱ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«በልታ ነበር?» አሉ እቴቴ፣ ከመንገዱ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

ማን እንደሆነች አልጠየቃቸውም። «ወረኢሉ ስንደርስ ሻይና ዳቦ ገዛሁላት። ሻዩን ጠጣች። ዳቦውን ግማሹን በላች።»

«ግማሹንስ?»

«በፌስታል ጠቅልላ ያዘችው። ለመንገድ ይሆነኛል አለች።»

መኪናዋ አንድ ጉድጓድ ገብታ ወጣች።

«ደህና» አሉ። «ደህና አደረገች።»